የሕፃን አመጋገብ በመጀመሪያው ዓመት፤ ለምዕራብ ጎጃም መምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጭዎች የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

እንደሚታወቀው ምዕራብ ጎጃም በእህል ምርቱ ስሙ ከሚጠራባቸው የአገራችን ክፍሎች አንዱ ነው። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከግሽ ዓባይ ደጋ ገብስና ድንች፣ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ከሚገኘው ከቡሬ በቆሎ፣ ስንዴና በርበሬ፣ ወደ 1,900 ሜትር ዝቅ ብሎ ከሚገኘው ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ ደግሞ በቆሎ፣ ጤፍና ዳጉሳ በየዓመቱ ይታፈሳል። ባቄላው፣ አተሩ፣ ሽምብራው፣ ኑጉና ተልባውም ከአካባቢው አይጠፋም። ይህን የሚመለከት ሰው በእንዲህ ያለ አገር የሚያድግ ሕፃን በምግብ ጉድለት ይጎዳል ብሎ ለማሰብ ይቸግረዋል።

ይሁን እንጂ የተሰበሰበው መረጃ የሚያሳየው ሌላ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት የአገራችን ሕፃናት 38 ከመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው በታች የሆነ ነበሩ። በአማራ ክልል ቁጥሩ 46 ከመቶ ሆኖ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናትም የአገር አቀፉ መጠን 37፣ የክልሉ ደግሞ 41 ከመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ትርፍ እህል ማምረትና ልጅን አሟልቶ መመገብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መገንዘብ ያስፈልጋል። በጎተራ ያለው እህል ወደ ሕፃኑ አፍ እስኪደርስ ድረስ የሚያልፍባቸው በሮች አሉ፤ እነርሱም ጊዜ፣ ውፍረት፣ ስብጥር፣ ድግግሞሽና ንጽሕና ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሕፃኑ ከተወለደበት ቀን አንሥቶ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ በየዕድገቱ ደረጃ ምን፣ መቼና እንዴት መመገብ እንዳለበት በአካባቢው ምግብና ልማድ ላይ ተመሥርቶ ማብራራት ነው። በመጨረሻም መምህራንና ዕቅድ አውጭዎች ጉዳዩን በትምህርት ሥራቸው ውስጥ እንዴት ሊያስገቡት እንደሚችሉ ጥቂት ሐሳብ ይቀርባል።

1. ጉዳዩ ከትምህርት ጋር ያለው ግንኙነት

«ጡት የሚጠባ ልጅ የጤና ሠራተኛ እንጂ የመምህር ጉዳይ አይደለም» የሚል አስተያየት ሊሰነዘር ይችላል። አስተያየቱ ግን በሁለት ምክንያቶች የተሟላ አይደለም።

አንደኛው ምክንያት የአንጎል ዕድገት ነው። የሕፃን አንጎል መጠን በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ወደ እጥፍ ይጠጋል። በዚህ ጊዜ የሚደርስ የምግብ ጉድለት ልጁ ሰባት ዓመት ሞልቶት አንደኛ ክፍል ሲገባ በሚሰጠው ብስኩትም ሆነ ምሳ ሙሉ በሙሉ አይካካስም። በ2005 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው በኢትዮጵያ የምግብ እጥረት የሚያስከትለውን ኪሣራ ያሰላው ጥናት የቀነጨሩ ልጆች ካልቀነጨሩት በአማካይ 1.1 ዓመት ያህል ያነሰ ትምህርት እንደሚያገኙና ክፍል ከሚደግሙት ውስጥ 16 ከመቶው ከመቀንጨር ጋር የተያያዘ እንደሆነ ገልጿል። ጠቅላላው ኪሣራ በ2009 እ.ኤ.አ. ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት 16.5 ከመቶ ጋር የሚስተካከል ነበር። እንግዲህ መምህሩ «ልጁ አይገባውም፤ ቶሎ ይደክማል» ብሎ የሚያዝንበት ችግር ከፊሉ የተፈጠረው ተማሪው ገና በአንቀልባ ላይ በነበረበት ወቅት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይልቅ ቅርብ ነው። በገጠሩ ቤት እናት ውኃ ስትቀዳ፣ አረም ስታርም ወይም ገበያ ስትውል ሕፃኑን አዝላ የምትጠብቀውና ሙቁን የምታቀምሰው የሦስተኛ ወይም የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች እኅቱ ናት። ይህች ልጅ በክፍላችን ተቀምጣ ስለ ምግብ ምድቦች የምትማረው ለፈተና ብቻ አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ቤት ገብታ የምትሠራበት ነው። ከስምንትና ከአሥር ዓመት በኋላም እርስዋ ራስዋ እናት ትሆናለች።

2. ከልደት እስከ ስድስት ወር፤ የእናት ጡት ብቻ

ሕፃን ሲወለድ ሁለት ነገሮችን አውቆ ይመጣል። ጉንጩ ሲነካ አፉን ከፍቶ ጡት ይፈልጋል፤ ጡት ሲያገኝም ይጠባል። ይህ ተፈጥሯዊ ኃይል ከተወለደ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት በጣም የነቃ ስለሆነ በዚያው ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ ይመከራል። ቶሎ መጥባቱ የእናቲቱ ማሕፀን እንዲኮማተርና የደም መፍሰሱ እንዲቀንስም ይረዳል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ቢጫና ወፍራም ወተት እንገር ይባላል። በአንዳንድ ቤት «ቆሽሿል፤ የልጁን ሆድ ያመዋል» ተብሎ ታልቦ ይደፋል፤ በምትኩ ለሕፃኑ ቅቤ ይላስለታል፤ ወይም የአብሽ ውኃና ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ይሰጠዋል። በእውነቱ ግን እንገር በሽታን የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች የሞሉበት በመሆኑ የሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባት ሊባል የሚገባው ነው። መጠኑ በሻይ ማንኪያ የሚቆጠር ቢሆንም የአራስ ልጅ ጨጓራም እጅግ ትንሽ ስለሆነ ይበቃዋል። ይህን ለገበሬ ማስረዳት አስቸጋሪ አይሆንም። አዲስ የተወለደ ጥጃ የእናቱን እንገር ሳይጠባ ቢቀር እንደማይጠነክር ከብት አርቢ ሁሉ ያውቃልና።

ከዚያ በኋላ እስከ ስድስት ወር ድረስ ሕፃኑ የሚያስፈልገው የእናቱ ጡት ብቻ ነው። ውኃም አያስፈልገውም፤ ከጡት ወተት ውስጥ 88 ከመቶ ያህሉ ውኃ ስለሆነ በፍኖተ ሰላም ቆላማ ቀበሌዎች ሙቀት እንኳ ጥሙን ይቆርጥለታል። በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት። አንዱን ጡት ጠብቶ ሳይጨርስ ወደ ሌላው ማዛወር ተገቢ አይደለም፤ በመጨረሻ የሚወጣው ወተት ቅባት የበዛበትና ኃይል ሰጪ ነውና። ወተት የሚጨምረው ልጁ አዘውትሮ ሲጠባ ነው። «ወተቴ አነሰ» ብላ በላም ወተት ወይም በጡጦ የምትተካ እናት ልጁ የሚጠባበት ጊዜ ስለሚቀንስ ወተትዋ በእርግጥ እያነሰ ይሄዳል። ጡጦ ደግሞ ለማጠብ አስቸጋሪ በመሆኑ የተቅማጥ ምንጭ ነው።

እዚህ ላይ የጠበልን ጉዳይ ማንሣት ያስፈልጋል። ግሽ ዓባይ የወንዙ መነሻ ብቻ ሳይሆን ከሩቅ የሚመጣበት ታላቅ የጠበል ቦታ ነው። ወላጆች ከእምነታቸው ተነሥተው ሕፃናትን ጠበል ማጠጣታቸው የሚያስነቅፋቸው አይደለም። ነገር ግን ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን አንጀት ከማንኛውም ምንጭ ከሚመጣ ተሕዋስ ራሱን የመከላከል አቅሙ ገና ደካማ ነው። ስለዚህ ለዚህ ዕድሜ መጠመቅና መረጨት ይበቃ እንደሆነ ከንስሐ አባትና ከአጥቢያው ካህናት ጋር በአክብሮት መመካከር መልካም ነው። ከእነርሱ አፍ የሚወጣ ምክር ከመምህር ምክር ይልቅ ይደመጣል።

ሌላው በአካባቢው የሚታይ ጎጂ ልማድ እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ነው። ሕፃኑ ጡት እንቢ ሲል፣ ሲያስመልሰው ወይም ሲያስቀምጠው «እንጥሉ ወርዶ ነው» ወይም «ጥርሱ ነው» ይባላል። ጡት እንቢ ማለት የሕመም ምልክት ስለሆነ ልጁ በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ ሲገባው፣ በቢላዋና በወስፌ የሚደረገው ሥራ ደም መፍሰስንና መመረዝን ያስከትላል፤ አፉ የቆሰለ ልጅም ጭራሽ አይጠባም።

የእናቲቱ ምግብም መዘንጋት የለበትም። ለአራስ ገንፎና አጥሚት በቅቤ አዘጋጅቶ መመገብ የሚያስመሰግን ባህላችን ነው። ችግሩ ጥሩ አመጋገቡ ከክርስትናው በኋላ፣ ማለትም ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ80 ቀን በኋላ፣ ቶሎ የሚቋረጥ መሆኑ ነው። የምታጠባ እናት ከሌላው ጊዜ ይልቅ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ተጨማሪ ምግብ መብላትና አዮዲን ያለበት ጨው መጠቀም ይገባታል።

በሥራ ላይ ያሉ እናቶች፣ በተለይም መምህራት ራሳቸው፣ የወሊድ ፈቃዳቸው የሚያልቀው ሕፃኑ ስድስት ወር ሳይሞላው ነው። ወተት በንጹሕ እጅ ወደ ንጹሕና ክዳን ያለው ዕቃ አልቦ በቀዝቃዛ ቦታ ለጥቂት ሰዓታት ማቆየት፣ ለሕፃኑም በጡጦ ሳይሆን በስኒ እንዲሰጠው ማድረግ ይቻላል። ርእሳነ መምህራን የክፍለ ጊዜ ድልድል ሲያወጡ የምታጠባ መምህርት በመካከል ወደ ቤትዋ ደርሳ እንድትመለስ ማመቻቸታቸው ትንሽ የሚመስል ነገር ግን ትልቅ እርዳታ ነው።

3. ስድስተኛው ወር፤ ለምን ያን ጊዜ?

በቆዩ የመማሪያ መጻሕፍት ተጨማሪ ምግብ ከአራተኛው ወር ጀምሮ ይሰጥ የሚል ምክር ይገኛል። የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት 1993 ዓ.ም. ስድስት ወር እስኪሞላ ጡት ብቻ እንዲሆን ካሳሰበ ወዲህ ግን ያ ምክር ተለውጧል። መምህራን የያዙትን ማስታወሻ በዚህ ረገድ ማስተካከል ይገባቸዋል።

ስድስተኛው ወር የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። የልጁ አካል ራሱ ምልክት ይሰጣል። አንገቱን ያጸናል፤ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ወደ አፉ የገባን ነገር ሁሉ በምላሱ ወደ ውጭ የሚገፋበት ጠባይ ይቀንሳል፤ ሌሎች ሲበሉ እየተመለከተ እጁን ይዘረጋል። በውስጥም ለውጥ አለ። ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የመጣው የብረት ንጥረ ነገር ክምችት በዚህ ጊዜ ወደ ማለቅ ይደርሳል፤ የጡት ወተት ደግሞ ያለው ብረት ጥቂት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉት ሕፃናት 57 ከመቶው የደም ማነስ የነበረባቸው መሆኑ የዚህን ጉድለት ክብደት ያሳያል።

እንግዲህ መቸኮልም መዘግየትም ይጎዳል። ቶሎ የጀመረ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ የዘገየ ይቀነጭራል። በአካባቢያችን «ጥርስ ሳያወጣ እህል አይችልም» በማለት ስምንትና ዘጠኝ ወር የሚጠብቁ አሉ። ይሁን እንጂ ልጅ የላመ ገንፎ የሚውጠው በድዱና በምላሱ ነው እንጂ በጥርሱ አይደለም።

4. የሙቁ ውፍረት፤ ቀላል ስሌት

የሕፃን የመጀመሪያ ምግብ ሙቅ እንዲሆን ልማድ ነው። ሙቁ እየቀጠነ የሚሄደው ልጁ በቀላሉ እንዲውጠው ከማሰብ ነው። ጉዳቱን ለመረዳት ግን የሚከተለውን ስሌት መመልከት ይበቃል።

ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ጡት የሚጠባ ሕፃን ከተጨማሪ ምግብ በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል። ጨጓራው በአንድ ጊዜ የሚይዘው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ 7 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ የሚችለው 210 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ሚሊ ሊትር ቀጭን ሙቅ 0.3 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል ብንል፣ 200 ኪሎ ካሎሪ ለማግኘት 667 ሚሊ ሊትር መጠጣት አለበት። ይህ ሦስት ጊዜ ጨጓራው እስኪወጠር ጠጥቶም የማይደርስበት መጠን ነው፤ ለጡትም ቦታ አይተውለትም። ገንፎው ወፈር ብሎ በአንድ ሚሊ ሊትር 0.8 ኪሎ ካሎሪ ቢኖረው ግን 250 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ኩባያ ይበቃዋል።

ከዚህ የምንረዳው ሆዱ የተነፋ ልጅ ሁሉ ጠግቧል ማለት እንዳልሆነ ነው። በውኃ ተሞልቶ የሚራብ ልጅ አለ። ለእናቶች የሚሰጠው መለኪያ ቀላል ነው፤ ማንኪያው ዘንበል ሲል ምግቡ ቶሎ የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል፤ በማንኪያው ላይ የሚረጋ ከሆነ ልክ ነው።

5. ምጥን ዱቄትና ብቅል

ውፍረቱ ብቻውን አይበቃም። ከበቆሎ ወይም ከገብስ ብቻ የተሠራ ገንፎ ኃይል ይሰጣል እንጂ ለሰውነት ግንባታ የሚያስፈልገው ፕሮቲን የተሟላ አይሆንም። እህል ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ በዚህ የታደለ ሲሆን ሜቲዮኒን የተባለው ያንሰዋል። ሁለቱ ሲደባለቁ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። እንጀራን በሽሮ የሚበላው ሕዝባችን ይህን ከሳይንስ ቀድሞ በማዕዱ ያውቀዋል፤ ለሕፃኑ ሲሆን ብቻ ነው የሚረሳው።

በአገራችን በዚህ መስክ የቆየ ሥራ አለ። በ1954 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል፣ በኋላም የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው፣ ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ምግብ ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት አዘጋጅቶ ለሕዝብ አቅርቧል። ስሙም ለውጤቱ የተመረጠ ነው። ነገር ግን ከገበያ መንገድ ለራቀው የሰከላ ገበሬ ፋፋን በየጊዜው እየገዙ ልጅ ማሳደግ የማይሞከር ስለሆነ፣ አሳቡን ወስዶ በራስ ጎተራ መሥራት ይሻላል። አሠራሩም የሚከተለው ነው።

ሀ) ሦስት እጅ እህል፣ ለምሳሌ በደጋ ገብስ ወይም ስንዴ፣ በወይና ደጋ በቆሎ፣ ጤፍ ወይም ዳጉሳ፤

ለ) አንድ እጅ ጥራጥሬ፣ ለምሳሌ ባቄላ፣ አተር ወይም ሽምብራ፤ ተቆልቶና ተከክቶ ገለባው የወጣለት፤

ሐ) እህሉ ተለቅሞና ታጥቦ፣ ገብሱም ተሸክሽኮ፣ ለየብቻ ከተቆላ በኋላ ከጥራጥሬው ጋር ተደባልቆ በደንብ እንዲልም ማስፈጨት፤

መ) ገንፎው ሲበስል በቀን በቀኑ ቅቤ ወይም ዘይት፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የተቀቀለና የላመ ዱባ፣ ካሮት ወይም ጎመን እያፈራረቁ መጨመር።

ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ጓያ በምጥኑ ውስጥ መግባት የለበትም፤ አዘውትረው ሲበሉት እግርን የሚያሽመደምድ መርዝ አለበትና። ሁለተኛ፣ የሻገተ በቆሎ ለከብት እንኳ የማይበጅ ስለሆነ ለሕፃን ፈጽሞ መፈጨት የለበትም። ሦስተኛ፣ ዱቄቱ ብዙ ወራት ሳይቀመጥ ጥቂት ጥቂት እየተፈጨ ቢዘጋጅ ይመረጣል።

ወፍራም ገንፎ ለመዋጥ ሲያስቸግር እናት ውኃ ትጨምርበታለች። ከዚህ የተሻለ ብልሃት ግን በየቤቱ አለ፤ እርሱም ብቅል ነው። ጠላ የምትጠምቅ ሴት ሁሉ የበቀለ ገብስ ምን እንደሚሠራ ታውቃለች። እህል ሲበቅል ስታርችን የሚሰባብር ኢንዛይም ይፈጠርበታል። አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት በሞቀ ወፍራም ገንፎ ላይ ጨምረው ቢያማስሉት ገንፎው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለሰልሳል፤ የያዘው ዱቄት ግን አይቀንስም። ከዚያ እንደገና አንድ ጊዜ ማፍላት ያስፈልጋል። በዚህ መንገድ ልጁ ሳይቸገር የሚውጠውና ኃይሉ ያልቀነሰ ምግብ ይገኛል።

6. ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት፤ በየደረጃው

ከ6 እስከ 8 ወር። በቀን አንድ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የላመ ገንፎ በማቅመስ ይጀመራል። ቀስ በቀስ በቀን 2 እስከ 3 ጊዜ፣ በየጊዜው እስከ ግማሽ ኩባያ፣ በእኛ ልክ ሁለት የቡና ስኒ ያህል፣ ይደርሳል። አዲስ ምግብ ሲቀምስ ፊቱን ቢያኮማትር ጠላው ማለት አይደለም፤ በሌላ ቀን ደጋግሞ መሞከር ነው። በዚህ ደረጃ ጡት አሁንም ዋናው ምግቡ ነው። የቫይታሚን ኤ ጠብታም ከስድስተኛው ወር ጀምሮ በየስድስት ወሩ ይሰጣል።

ከ9 እስከ 11 ወር። ልጁ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጥቃቅን ነገር ማንሣት ይጀምራል፤ ይድሃል፤ ማላመጥም ይለማመዳል። ከተጨማሪ ምግብ የሚፈልገው ኃይል ወደ 300 ኪሎ ካሎሪ ከፍ ይላል። ስለዚህ በቀን 3 እስከ 4 ጊዜ፣ በየጊዜው ግማሽ ኩባያ ይሰጠዋል። ምግቡ እንደ መጀመሪያው ፍጹም የላመ መሆኑ ቀርቶ የተፈጨ ድንች፣ በአልጫ ሽሮ ወይም በክክ ወጥ የራሰ ፍትፍት፣ በስሎ የተከተፈ ሥጋ ወይም ጉበት፣ የበሰለ ሙዝ፣ ማንጎና ፓፓያ ይሆናል። በእጁ ይዞ የሚበላውም ነገር ይሰጠው። ልብሱን ማቆሸሹ ትምህርቱ ነው።

አንድ ዓመት ሲሞላው። በዚህ ጊዜ ክብደቱ ከልደት ክብደቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። በርበሬው ከመጨመሩ በፊት ተቀንሶለት ከቤተ ሰቡ ምግብ ይበላል፤ በአንድ ጊዜም ከሦስት አራተኛ እስከ ሙሉ ኩባያ ይሰጠዋል። ጡት ግን አይቆምም፤ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። እናቲቱ ብታረግዝ እንኳ «ያረገዘች ጡት ትመርዛለች» ብሎ በድንገት ማስጣል ተገቢ አይደለም።

በዓመቱ ውስጥ መሰጠት የሌለባቸው ነገሮች አሉ። የቡሬ ማር የታወቀ ቢሆንም አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል ተሕዋስ በዚህ ዕድሜ አንጀት ውስጥ መርዝ ያመነጫልና። ሻይና ቡና የብረትን ንጥረ ነገር ያግዳሉ። ቆሎና ያልተፈጨ ለውዝ ትን ይላሉ። የላም ወተት ከገንፎ ጋር ተፈልቶ ይጨመር እንጂ የጡት ምትክ አይሁን።

አመጋገቡም እንደ ምግቡ ይታሰብበታል። ልጁ የራሱ ሳህን ይኑረው፤ ከትልልቆቹ ጋር ከአንድ ገበታ የሚሻማ ሕፃን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። አፍንጫን ይዞ ማጋት ምግብ ወደ ሳንባ እንዲገባ ስለሚያደርግ አደገኛ ነው። ዓይን ዓይኑን እያዩ፣ እያነጋገሩ፣ በትዕግሥት ማብላት ልጁን ከመመገብ አልፎ ቋንቋም ያስተምረዋል። ከማዘጋጀትና ከማብላት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ የሁሉ መቅድም ነው። ልጁ ሲታመም ደግሞ ጡትም ምግብም አይቋረጥም፤ ለተቅማጥ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ ከጤና ኬላ ይወሰዳል፤ ከዳነም በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል በቀን አንድ ጊዜ ተጨማሪ ምግብ ይሰጠዋል።

7. ጾም፣ እንቁላልና የቤት ኢኮኖሚ

ከላይ የተጠቀሰው ጥናት ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉት ልጆች በቂ ስብጥር ያለው ምግብ፣ ማለትም ከሰባት ምድቦች ቢያንስ አራቱን፣ ያገኙት 14 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን አመልክቷል። ከሁሉ የሚጎድለው የእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ለዚህ ሁለት ምክንያቶች ጎልተው ይታያሉ።

የመጀመሪያው ከጾም ጋር የተያያዘ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሕፃን እንዲጾም አይገደድም፤ በልማድም ልጆች ጾም የሚለማመዱት ከሰባት ዓመት ገደማ ጀምሮ ነው። ይሁን እንጂ ረቡዕና ዓርብ፣ 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናትና ሌሎቹን አጽዋማት በሙሉ እናት «ዕቃዬ ይነካካብኛል» በሚል ሥጋት ለልጅዋ እንቁላልና ወተት አትሠራም። እንግዲህ ሕፃኑ በሕግ ሳይሆን በድስት ምክንያት ይጾማል ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የልጁ ብቻ የሆነ ትንሽ ድስት፣ ሳህንና ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ። ይህንንም ካህናት ከዐውደ ምሕረት ቢናገሩት እናቶች በሰላም ልቦና ይፈጽሙታል።

ሁለተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። እንቁላል የእናት ኪስ ናት፤ ጨው፣ ሳሙናና የልጆች ደብተር የሚገዛባት። «እንቁላሉን አትሽጪ» ብሎ መምከር «ጨውና ደብተር ይቅር» ከማለት አይለይም። ስለዚህ ምክሩ ለአባትም መሆን አለበት። በቆሎውን ወይም በርበሬውን ጭኖ ቡሬ ገበያ የሚያወጣው እርሱ ነው። ከሽያጩ ለጨውና ለሳሙና ቢያወጣ፣ በሳምንት ሦስትና አራት እንቁላል ለሕፃኑ ሊተርፍ ይችላል። መሬት ለሌላቸው ወይም ላም ለሌላቸው ቤተ ሰቦች ግን ምክር ብቻውን እንደማይበቃ ዕቅድ አውጭዎች መገንዘብ አለባቸው፤ የዶሮ፣ የአትክልት ዘርና የብድር እርዳታ ከግብርና ጋር በመተባበር መታቀድ ይኖርበታል።

8. ለትምህርት ሥራ የሚቀርብ ሐሳብ

ሀ) በሒሳብ። በቁጥር 4 የቀረበው የጨጓራና የሙቅ ስሌት ለማባዛት፣ ለማካፈልና ለአሥርዮሽ ቁጥር ጥሩ መልመጃ ነው። ሦስት ለአንድ የሆነው የምጥን ድርሻም ንጽጽርን ያስተምራል።

ለ) በሳይንስ። ሁለት እኩል ገንፎ በሁለት ዕቃ ሠርቶ በአንዱ ብቻ የብቅል ዱቄት መጨመርና ለውጡን መመዝገብ ወጪ የሌለው ሙከራ ነው። ተማሪዎች ስለ ኢንዛይም የሚያነቡትን በዓይናቸው ያዩታል።

ሐ) በጎልማሶች ትምህርት። የንባብ ቃላቱ እንገር፣ ምጥን፣ ብቅል፣ ስኒ ሊሆኑ ይችላሉ። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። አምስት ልጅ ያሳደገችን እናት አዲስ የተመረቀ ወጣት መምህር «አታውቂም» በሚል አነጋገር ሊያስተምራት አይችልም። «እትዬ፣ የእርስዎን ልጆች በስንት ወራቸው እህል አስጀመሯቸው? ምንስ አበሏቸው?» ብሎ መጠየቅ፣ መልካሙን ማመስገን፣ የጎደለውን ብቻ መሙላት ይገባል። አያቶችም መጋበዝ አለባቸው፤ የአራስ ቤት ሥልጣን ያለው በእነርሱ እጅ ነውና።

መ) በጊዜ አመዳደብ። ትምህርቱ ጥራጥሬ ከሚታፈስበት ከኅዳርና ከታኅሣሥ ጋር፣ እንዲሁም ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ቢደረግ ወዲያው በሥራ ላይ ይውላል። በሐምሌና በነሐሴ፣ እናት ከአረም የማትነሣበት ጊዜ በመሆኑ፣ ሕፃኑን የሚይዙትን ልጆች ከትምህርት መዘጋት በፊት ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ሠ) በመምህራን ማሠልጠኛ። ዕጩ መምህራን የምግብ ምድቦችን በቃል ከመያዝ ይልቅ በተመደቡበት ቀበሌ ምን እንደሚበቅል፣ ምን እንደሚበላና ለሕፃን ምን እንደሚሰጥ በመመዝገብ እንዲመዘኑ ቢደረግ ይመረጣል። የግሽ ዓባይና የፍኖተ ሰላም ሕፃን ምጥን አንድ ሊሆን አይችልም።

ረ) በክፍል ውስጥ አያያዝ። አጭር ተማሪን አስነሥቶ የመቀንጨር ምሳሌ ማድረግ ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት። ትምህርቱ ወላጅን ለመክሰስ ሳይሆን የሚቀጥለውን ልጅ ለመጥቀም ነው።

ማጠቃለያ

መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን የምግብ እጥረትና መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ገብቷል። ይህ ቃል የሚፈጸመው በአዳራሽ ሳይሆን በየጉልቻው ዳር ነው። ከዚህ ጽሑፍ አምስት ነገሮች ቢያዙ ይበቃሉ፤ በመጀመሪያው ሰዓት እንገር፣ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ስድስት ወር ሲሞላ በማንኪያ ላይ የሚረጋ ምጥን ገንፎ፣ በየቀኑ ከአንድ በላይ የሆነ ተጨማሪ ዓይነት፣ ለልጁም የራሱ ድስትና ሳህን። አብዛኞቹ ከውጭ የሚገዙ አይደሉም። እህሉ በጎተራ፣ ጥራጥሬው በስልቻ፣ ብቅሉም በእናቶች እጅ አለ። የቀረው ዕውቀቱ ከቤት እንዲደርስ ማድረግ ነው፤ እርሱም የመምህሩ ሥራ ነው።